ከጌሾ ቅጠል ሁለት መቶ ሺህ ጂን ይወጣል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሪፈረንስ ጂኖም (አስቀድሞ ተነቦ ያለቀ የፍጥረቱ ሙሉ ዲኤንኤ) ሳይኖር ትራንስክሪፕት (ከጂን የተገለበጠ አርኤንኤ) ስለሚገጣጥሙ ሶፍትዌሮች በርካታ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አብዛኛው ከጎንደርና ከአካባቢዋ ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር አርኤንኤ ሳወጣና ኮምፒውተር ላይ ስገጣጥም የምውል ሰው ነኝና ጥያቄዎቹ የራሴም ጥያቄዎች ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የጌሾዋን ተማሪ መልስ አስረዝሜዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ችግር ላይ ናችሁና።

ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የፍጥረቱ ጂኖም ተነቦ ሳያልቅ የአርኤንኤውን ቁርጥራጭ ብቻ ይዞ ሙሉ ትራንስክሪፕት መሥራት ይቻላል ሲባል ሰማሁ። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚቀጥል በምን ይታወቃል? ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላሳያቸው የምችልበት መንገድ ቢኖር። (ከዳባት)

መምህር፣ መንገድ አለ፤ ጠመኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁሉም ተማሪ የሚያውቃትን ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ አበበ በሶ በላ። ክፍተቱን ያጥፉት፦ አበበበሶበላ። ሰባት ፊደል ሆነ። አሁን አንድ አንድ ፊደል እየተራመዱ ሁለት ሁለት ፊደል ይቁረጡ፦ አበ፣ በበ፣ በበ፣ በሶ፣ ሶበ፣ በላ። ዋናውን ያጥፉና ዓረፍተ ነገሩን ያላየ ተማሪ ጠርተው ቁርጥራጩን ብቻ ይስጡት። የአንዱ መጨረሻ ፊደል የሌላው መጀመሪያ ከሆነ ይቀጥለው።

«በ» ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከ«በ» ቀጥሎ «በ»ም፣ «ሶ»ም፣ «ላ»ም ሊመጣ ይችላል። አንዱ ተማሪ «አበ»ን ከ«በላ» አጋጥሞ «አበላ» ብሎ ይጨርሳል። ትርጉም ያለው አማርኛ ነው፤ ነገር ግን ማንም አልጻፈውም። ይህቺን ነጥብ ተማሪዎችዎ እንዲይዟት እለምንዎታለሁ፤ ከታች ለሌሎቹ ጠያቂዎችም ታስፈልገናለች።

ቀጥለው አራት አራት ፊደል ይቁረጡ፦ አበበበ፣ በበበሶ፣ በበሶበ፣ በሶበላ። አሁን ሦስት ሦስት ፊደል መግጠም አለበት፤ መንገዱም አንድ ብቻ ነው። ቁራጩ ሲረዝም ጥርጣሬው ይጠፋል ማለት ነው። ሶፍትዌሮቹ ይህን ቁራጭ ኬ-መር ይሉታል። በዚህ ሥራ በብዛት የሚታወቀው ትሪኒቲ ካልነካነው 25 ፊደል ይወስዳል። ታዲያ ለምን መቶ አይሆንም ይሉዎታል ተማሪዎቹ። መልሱ ሰሌዳው ላይ አለ። ከአበበ ፊደሎች አንዷን አበላሽተው ደግመው ይቁረጡ፤ ያቺን ፊደል የነካ ቁራጭ ሁሉ ተበላሸ። በ25 ፊደል ሲቆረጥ አንዲት የንባብ ስህተት እስከ 25 ቁራጭ ታበላሻለች። ቁራጩ በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተነበቡ ትራንስክሪፕቶችም እየተበጣጠሱ ይቀራሉ።

አንድ ነገር ይጨምሩ። ከአንድ ጂን ሁለት ዓይነት አርኤንኤ ሊወጣ ይችላል፤ መሃሉ ያለበትና መሃሉ የተዘለለ። «አበበ በሶ በላ» እና «አበበ በላ» አንድ ላይ ተቆራርጠው ቢሰጡ መንገዱ «በበበ» ላይ ለሁለት ይከፈላል። ከ«በላ» በኋላ ረዘም ያለ የጋራ ጽሑፍ ቢኖር ደግሞ ተመልሶ ይገናኛል። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ሹካ ሲያገኝ ሁለቱንም መንገድ ሄዶ ሁለት ትራንስክሪፕት ይጽፋል። የሒሳብ መምህር ባልደረባ ካለዎት ይጥሯቸው። ይህ የመንገድ ሥዕል ኒኮላስ ደ ብሩይን በተባለ ኔዘርላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ስም ይጠራል፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የወጣው። የመንገድ ፍለጋው ሐሳብ ግን እስከ ኦይለር የ1736 የኮኒግስበርግ ሰባት ድልድዮች ጥያቄ ድረስ ይሄዳል።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የባዮቴክኖሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ ጌሾ ላይ ነው። ምሬቱን የሚሠሩትን ጂኖች ለማግኘት ከአዘዞ ጓሮና ከደንቢያ ማሳ ቅጠልና ለጋ ግንድ ወስጄ አርኤንኤ አወጣሁ፤ ውጭ አገር ተነቦ መጣ። የምጠቀምበት የጌሾ ጂኖም ስላላገኘሁ በትሪኒቲ ገጣጠምኩት። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ትራንስክሪፕት ሰጠኝ፤ ኤን50 የሚባለው የርዝመት መለኪያም ከ1,500 ፊደል በላይ ነው። ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ሴሚናር ላይ ግን አንድ መምህር «ሁለት መቶ ሺህ ጂን ያለው ተክል የትኛው ነው?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ሌላው ደግሞ «የጌሾ ዘመድ የሆነው የቻይናው ጁጁባ ጂኖም እያለ ለምን በሱ ላይ አላሳረፍሽውም?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? (ከማራኪ)

እኅቴ፣ መምህሩ የጠየቁሽ ደግ ጥያቄ ነው። ብዙ ጥናት ይህን ጥያቄ የሚጠይቅለት ሰው ሳያገኝ ይታተማል፤ አንቺ ከመመረቂያ ሥራሽ መከላከያ በፊት አገኘሽው።

መልሱ አጭር ነው፤ ሁለት መቶ ሺሁ የጂን ቁጥር አይደለም። ተመራማሪዎች በብዛት የሚያጠኑት ትንሹ ተክል አራቢዶፕሲስ ፕሮቲን የሚሠሩ 27,000 ገደማ ጂኖች አሉት፤ የሰው ልጅ 20,000 ገደማ። ትሪኒቲ የሰጠሽ በኬ-መሮቹ ላይ ሊሄድባቸው የቻላቸውን መንገዶች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መስመር «እንዲህ ያለ ትራንስክሪፕት ሊኖር ይችላል» የሚል ግምት ነው። ግምቱን መመርመር ያንቺ ሥራ ነው፤ ሶፍትዌሩ ይህን አይሠራልሽም።

ከምን እንደመጡ ልዘርዝርልሽ። ፋይሉን ክፈቺና የአንዱን ስም እዪው፤ «ትሪኒቲ_ዲኤን1000_ሲ115_ጂ5_አይ1» ዓይነት ነገር ነው። እስከ «ጂ» ቁጥሩ ድረስ ያለው ስም ሶፍትዌሩ እንደ አንድ ጂን የቆጠረውን ይነግርሻል፤ «አይ» ደግሞ የዚያን ጂን የተለያዩ ቅጂዎች። ስለዚህ መጀመሪያ «ጂ»ዎቹን ቁጠሪ፤ ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል። ያም ቢሆን ከእውነተኛው የጂን ቁጥር በጣም ይበልጣል። በትንሹ ብቻ የተነበበ ጂን ሦስት አራት ቦታ ይበጠስና እያንዳንዱ ብጣሽ ለብቻው «ጂን» ይባላል። ትሪኒቲ ከ200 ፊደል ጀምሮ ያለውን ሁሉ ስለሚጽፍ የብጣሹ ብዛት ቀላል አይደለም። ገና ተቆርጦ ያልተስተካከለ አርኤንኤ ደግሞ ኢንትሮኑን (ተቆርጦ መውጣት የነበረበትን ክፍል) ይዞ ይገባል። ዲኤንኤውን በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን በሚቆራርጠው ኢንዛይም) በደንብ ካላጸዳሽው እሱም ይገባል። ናሙናሽ ከሁለት ቦታ ነው፤ የአዘዞው ዛፍና የደንቢያው ዛፍ እዚህም እዚያም በፊደል ይለያያሉ፤ ልዩነቱ በበዛበት ቦታ አንድ ጂን ሁለት ሆኖ ይወጣል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ፍጥረት ጌሾ ብቻ አይደለም። ሻጋታ አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ ከቅጠሉ ሥር የተጣበቁ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። አርኤንኤያቸው ከጌሾው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሶፍትዌሩም ሳያዳላ ይገጣጥመዋል።

ኤን50ውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ለጂኖም የተሠራን መለኪያ ለትራንስክሪፕት ስንጠቀም ራሳችንን እናታልላለን። ኤን50 ማለት ትራንስክሪፕቶቹን ከረጅሙ ወደ አጭሩ ደርድረሽ ፊደላቸውን ስትደምሪ ግማሹ ላይ የደረሰሽበት ትራንስክሪፕት ርዝመት ነው። አንድ ረጅም ጂን ሃያ ቅጂ ካወጣ ሃያውም ስለሚቆጠር ኤን50ው ያብጣል። በስህተት ሁለት ጂን አንድ ላይ ቢሰፋም ያብጣል። ስለዚህ ኤን50ው የጨመረ ሥራ የተሻለ ላይሆን ይችላል። እሱን መጥቀስ ከፈለግሽ በአገላለጽ መጠን (እያንዳንዱ ትራንስክሪፕት ምን ያህል እንደበዛ) የተሰላውን አድርጊው፤ ከጠቅላላው አገላለጽ 90 በመቶውን የሚይዙትን ትራንስክሪፕቶች ብቻ ወስዶ የሚሰላውን። ኢ90ኤን50 ይባላል፤ ስሌቱ ከትሪኒቲ ጋር አብሮ ይመጣል።

እኔ ግን በሌሎች ሁለት ነገሮች እጀምራለሁ። መጀመሪያ ሪዶቹን (ማሽኑ ያነበባቸውን አጫጭር ቁርጥራጮች) መልሰሽ በገጣጠምሽው ላይ ቦውታይ2 በተባለው ሶፍትዌር አሳርፊያቸው። የተነበበው ነገር የተገጣጠመው ውስጥ ካልተገኘ የት ሄደ? ጥንድ ሪዶቹ (የአንድ ቁራጭ ሁለት ጫፎች) በትክክለኛ አቅጣጫና ርቀት ሆነው ከ70 እስከ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ካረፉ ደህና ነሽ። በጣም ካነሰ ወደ ንባቡ ጥራት ተመለሽ፤ የንባብ ጥራት የሚመረምረው ፋስትኪውሲ ያወጣልሽን ሥዕል እዪ፤ ለማንበብ ሲባል ጫፉ ላይ የተቀጠለው አዳፕተር በትሪሞማቲክ ወይም በፋስትፒ ተቆርጦ እንደሆነ አረጋግጪ። ሁለተኛው ቡስኮ ነው። በዘመዳሞቹ ፍጥረቶች ሁሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ በአንድ ቅጂ የሚገኙ ጂኖችን ዝርዝር ይዞ ስንቱ አንቺ ጋ እንዳለ ይቆጥራል። ለየብስ ተክሎች በተዘጋጀው በ10ኛው እትም ዝርዝር 1,614 ጂኖች አሉ፤ ለሁለት ክክ ተክሎች ደግሞ 2,326። «የተደጋገመ» የሚለው ቁጥር ከፍ ቢልብሽ አትደንግጪ፤ አንዱ ጂን በብዙ ቅጂ ስለተጻፈ ነው። «የጠፋ» የሚለው ግን ያሳስብሽ። እዚህም ቢሆን ያወጣሽው ከቅጠልና ከለጋ ግንድ እንደሆነ አስታውሺ፤ ሥር ላይ ብቻ የሚሠራ ጂን ባይገኝ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማጣራት ይመጣል፤ በእርጋታ አድርጊው። ሳልሞን በተባለው ሶፍትዌር የእያንዳንዱን መጠን ለኪ፤ በየትኛውም ናሙና ላይ የለም ማለት የሚቻለውን አስወግጂ። በትራንስዲኮደር ፕሮቲን ሊሆን የሚችለውን ክፍል ፈልጊ፤ ካልቀየርሽው ከ100 አሚኖ አሲድ በታች የሆነውን ይተወዋል። የተገኘውን ፕሮቲን በዳይመንድ ከታወቁ ፕሮቲኖች ጋር አነጻጽሪ፤ ዘመዱ ሻጋታ ወይም ነፍሳት የሆነው ራሱ ይናገራል፤ ያንን ለይተሽ አውጪ። ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎችም ስላሉ ዘመድ አጣ ብለሽ ሁሉንም አትጣይ፤ ለብቻው ፋይል አኑሪው። በቅጠልና በግንድ መካከል ልዩነት ስትፈልጊም በ«ጂ» ደረጃ ቁጠሪ እንጂ በ«አይ» ደረጃ አይሁን፤ ቅጂዎቹን በአጭር ሪድ በእርግጠኝነት መለየት አስቸጋሪ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ከሦስት የተለያዩ ተክሎች የተወሰደ ናሙና ከሌለሽ ደግሞ «ቅጠሉ ከግንዱ ይበልጣል» የሚለውን ድምዳሜ ያዝ አድርጊው፤ በቁጥር የምትከራከሪበት ነገር አይኖርሽም።

አሁን ወደ ጁጁባው። ጁጁባ የኛው የቁርቁራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ ጌሾም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ሐሳቡ ስለዚህ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቢሆንም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ወገኖች ብዙ ፊደል ይለያያቸዋል፤ አጫጭር ሪዶችሽን በጁጁባ ዲኤንኤ ላይ ብታሳርፊያቸው የሚያርፉት በዘመናት ብዙም ያልተለወጡት ጂኖች ብቻ ናቸው። አንቺ የምትፈልጊያቸው፣ መራራውን ጌሾይዲን ወደ መሥራት የሚወስዱት ጂኖች ግን ተክሎች እርስ በርስ ከሚለያዩባቸው ጂኖች ወገን ናቸው፤ መጀመሪያ የሚጠፉብሽ እነሱ ይሆናሉ። ጁጁባን በሌላ መንገድ ተጠቀሚበት፤ የገጣጠምሽውን ከጁጁባ ፕሮቲኖች ጋር አነጻጽሪ። ፕሮቲን ከዲኤንኤ ዘግይቶ ስለሚለወጥ ዝምድናው እዚያ በደንብ ይታያል፤ ተበጣጥሶ የቀረ ጂንሽም የየትኛው ብጣሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ፣ ጌሾ በፌኖልና በስኳር የበለጸገ ቅጠል ነው፤ ሲፈጭ ፈሳሹ ቡናማ ሆኖ አርኤንኤውን ይዞት ይቀራል። ሲታብና ፒቪፒ የተባሉ ኬሚካሎች ያሉበት አርኤንኤ የማውጣት አሠራር እንዲህ ላለው ቅጠል ይሻላል። ጥራቱ ሪን በሚባለው የአርኤንኤ መለኪያ ከ7 በታች የሆነውን አትላኪ፤ የተሰባበረ አርኤንኤ በፖሊ-ኤ ጭራው (በመጨረሻው ጫፍ ባለው የኤ ፊደሎች ሰንሰለት) ሲጠመድ የሚገኘው የመጨረሻው ጫፍ ብቻ ስለሚሆን መነሻው የጠፋ ትራንስክሪፕት ይበዛብሻል። አቅጣጫን የሚጠብቅ ላይብረሪም (ለንባብ የሚዘጋጅ ናሙና) ጠይቂ፤ ፊትና ኋላ ሆነው የሚደራረቡ ሁለት ጂኖችን ሶፍትዌሩ አንድ አድርጎ እንዳይሰፋቸው ይረዳል። ስትገጣጥሚ ደግሞ አቅጣጫውን ለትሪኒቲ መንገርሽን አትርሺ፤ ራሱ አያውቅም።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን የማግኘት ፈቃድን) የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን። ናሙና ወደ ውጭ ከመላክሽ በፊት ፈቃዱን የያዝሽበትን ወረቀት ከውጤትሽ ጋር አኑሪ፤ ሪዶቹንም በሕዝብ የመረጃ ቋት ስታስቀምጪ ከየት ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደተወሰደ ሳትቆጥቢ ጻፊ። ጤፍ በኔዘርላንድ ፓተንት ተይዞ እስከ ሄግ ፍርድ ቤት የሄደ ጉዳይ ነው፤ ፓተንቱ እዚያ ውድቅ ሆነ። የጌሾን ነገር የኛው ተማሪ ቀድማ፣ በስሙና በቦታው ስትጽፈው ደስ ይለኛል።

ሰላም ጋሼ። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም ነው ያለው። 40 ሚሊዮን ጥንድ ሪድ አለኝ። ትሪኒቲን አስነሥቼ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። መብራትም በየመሃሉ ይጠፋል። ልተወው? (ከቀበሌ 18)

አትተወው፤ ላፕቶፑን ግን ተወው። የትሪኒቲ አዘጋጆች የሚሰጡት ግምት ለአንድ ሚሊዮን ጥንድ ሪድ አንድ ጂቢ ራም ያህል ነው። ያንተ 40 ጂቢ ይጠይቃል ማለት ነው። በጣም የተደጋገመውን ሪድ ቀድሞ መቀነስ ይረዳል፤ አዲሶቹ እትሞች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል፤ ግን 8 ጂቢ ላይ አያደርስህም። ሥራው የሚከብደው የት እንደሆነ ብታውቅ አይገርምህም። ኢንችዎርም የተባለው የመጀመሪያው ክፍል ኬ-መሮቹን ሁሉ ማስታወሻው ላይ ይዞ ከብዙው እየጀመረ ይቀጥላል፤ ክሪሳሊስ የተቀጠሉትን በየዘመዱ ሰብስቦ የመንገድ ሥዕል ይሠራል፤ በተርፍላይ በሥዕሉ ላይ እየሄደ ትራንስክሪፕቱን ይጽፋል። ራሙን የሚበላው መጀመሪያው ላይ ነው፤ የኋለኛው ብዙ ጊዜ እንጂ ብዙ ራም አይፈልግም።

ነፃ መንገድ አለልህ። ጋላክሲ የሚባል የሕዝብ ሰርቨር በአሜሪካም፣ በጀርመን ፍራይቡርግም አለ፤ ትሪኒቲ፣ ሳልሞን፣ ቡስኮ ሁሉም በብሮውዘር ይሠራሉ፤ ትእዛዝ መጻፍም አይጠይቅም። ሥራው እዚያ ስለሚሄድ እዚህ መብራት ቢጠፋ አይቆምም። ችግሩ ፋይሉን መጫን ነው። ሌሊት ላይ ጫነው፤ የተጨመቀውን ፋይል እንዳለ ላከው፤ አትፍታው። ከጫንክ በኋላ የኤምዲ5 ቁጥሩ (የፋይሉ መለያ አሻራ) እዚህና እዚያ አንድ መሆኑን ሳታይ ሥራ አትጀምር። መሃሉ ላይ የተቆረጠ ፋይል ሥራውን ወዲያው ላያስቆመው ይችላል፤ ጎደሎ ውጤት ሰጥቶህ ያልፋል።

ትልቅ ማሽን ያለው ሰው ከተባበረህ ደግሞ «ስክሪን» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ አስነሣው፤ ግንኙነትህ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል። ማሽኑ ራሱ ቢጠፋ አትደንግጥ፤ ያንኑ ትእዛዝ በዚያው የውጤት ፎልደር ደግመህ ስትሰጠው ትሪኒቲ ካቆመበት ይነሣል። ፎልደሩን ግን አትነካካው። አርኤንኤስፔድስ የተባለውንም ሞክረው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ፈጣን መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱን ውጤት በቡስኮና በሪድ ማሳረፍ አወዳድረህ የተሻለውን ያዝ። ሁለቱን ደርበህ አንድ ፋይል ማድረግ ግን ብዙ ድግግሞሽ ያመጣብሃል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

እንደምን አላችሁ። ከጎርጎራ ነው የምንጽፈው፤ በዓሣ ሀብት የተመረቅን ሦስት ጓደኛሞች ነን። የጣና ላቢዮባርበስ ዓሦች በመገጭና በድርማ ወንዞች ሊራቡ ሲወጡ ጉበታቸውና የመራቢያ አካላቸው ላይ የሚለወጡትን ጂኖች ብናይ እንላለን። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ይበቃናል? (ከጎርጎራ)

ልጆች፣ ሐሳባችሁ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ጣና ውስጥ ያሉት 15 ገደማ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች እዚያው ሐይቁ ውስጥ እርስ በርስ እየተለዩ የመጡ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ብርቅ ነው። እንቅፋቱም ግን እዚያው አጠገቡ አለ። እነዚህ ዓሦች እንደኛ ሁለት የክሮሞሶም ስብስብ ሳይሆን ስድስት ነው ያላቸው፤ ክሮሞሶማቸው ሲቆጠር 150 አካባቢ ይደርሳል። አንዱ ጂን በብዙ ቅጂ አለ፤ ቅጂዎቹም በጣም ይመሳሰላሉ።

25 ፊደል የሚቆርጥ ሶፍትዌር እነዚህን ቅጂዎች ሲያገኝ ረጅም መንገድ አንድ ላይ ይሄዱበታል፤ ጥቂት ፊደል ላይ ይለያያሉ፤ ደግሞ ይገናኛሉ። ከዚያ የአንዱን መነሻ ከሌላው መጨረሻ ሊሰፋው ይችላል። ከላይ ለዳባቱ መምህር ያሳየሁት «አበላ» ማለት ይህ ነው፤ ፕሮቲን ሆኖ ይነበባል፣ ዘመድ ይገኝለታል፣ ዓሣው ውስጥ ግን የለም። ቡስኮም ይህን አይዝላችሁም፤ ጂኑ «አለ» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ጉበት ውስጥ እንቁላል ሲዘጋጅ የትኛው ጂን ይጨምራል?» ከሆነ አጭር ሪድና ትሪኒቲ ይበቃችኋል፤ ቅጂዎቹን በአንድ ላይ ሰብስባችሁ ቁጠሯቸው። «ከስድስቱ የትኛው ቅጂ ነው የጨመረው?» ወይም «ዝርያዎቹ በየትኛው ቅጂ ይለያያሉ?» ካላችሁ ግን አይበቃም። ለዚያ የአርኤንኤውን ሞለኪውል ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ የሚያነብ ያስፈልጋል፤ የፓክባዮ አይሶ-ሴክ ወይም ናኖፖር። ሙሉው ስለሚነበብ መገጣጠም የሚባለው ሥራ አብዛኛው ይቀራል። ውድ ስለሆነ ከጥቂት ናሙና ረጅሙን አስነብባችሁ፣ ከብዙው ናሙና አጭሩን ለመቁጠሪያ መጠቀም ትችላላችሁ። ገንዘብ ባነሰበት ቦታ የማየው ጥሩ አካሄድ ይህ ነው።

ወንዙ ዳር የሚሠራው ግን ከሶፍትዌሩ በላይ ይወስናል። ዓሣው ከመረብ እንደወጣ ከመቆረጡ በፊት ግራ ጎኑን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡት፤ ዝርያዎቹ ይመሳሰላሉና ቆይቶ የሚከራከራችሁ ሰው አይጠፋም። ሥጋውን በቁጥር ለይታችሁ በአልኮል አስቀምጡት። ጉበቱን ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ቆርጣችሁ አርኤንኤን የሚጠብቀው ፈሳሽ አርኤንኤሌተር በብዛት ባለበት ብልቃጥ ክተቱት፤ ወፍራም ከሆነ ፈሳሹ መሃሉ ሳይደርስ አርኤንኤው ይሰባበራል። በረዶ ካላችሁ ሌሊቱን 4 ዲግሪ ላይ ይደር። ከሌላችሁም 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ጎንደር ለመድረስ ይበቃችኋል። ብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አስገቡ፤ በቀለም የተጻፈው ይለቃል።